እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩና የመክሊታቸው ጉዞ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በእኛ በወጣቶች መካከል ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «በዓለም የተማርኩት ሙያ ለመንፈሳዊ ሕይወቴ ምን ይጠቅመዋል? ልተወው ወይስ ልያዘው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በኑሮአቸው መልስ ከሰጡት መካከል የሙዚቃ ደራሲና የፒያኖ ተጫዋች የነበሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይገኙበታል።

ልደትና ትምህርት

እማሆይ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው የጎንደርና የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በአገራችን ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም እኅታቸው ነበሩ። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ መጣ። በዚያ ዘመን ከቤተ ሰቡ በጠላት እጅ የተገደሉ አሉ፤ የቀሩትም በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ እማሆይ ወደ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። እኚህ መምህር በኋላ አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መርተዋል።

የተዘጋው በር

ቀጥሎ ለንደን ሄደው በታላቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚማሩበት ዕድል ተገኘ። ነገር ግን የጉዞው ፈቃድ ሳይገኝ ቀረ። ሐዘኑ ስለ ጸናባቸው እህል አልቀምስም ብለው ሆስፒታል እስከ መግባት ደረሱ። በዚያም ቅዱስ ቁርባን ከተቀበሉ በኋላ ልባቸው ወደ ሌላ መንገድ አዘነበለ። እዚህ ላይ «ለበጎ ነው» ብለን በችኮላ ማለፍ አይገባንም። ያጡት ነገር በእርግጥ ይወዱት የነበረ ነገር ነው። የለንደኑም በር ከዚያ በኋላ አልተከፈተም።

ገና በወጣትነታቸው ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ። በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ በጭቃ ጎጆ እያደሩ፣ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። በአምባው ላይ ፒያኖ አልነበረም።

ወደ ፒያኖ መመለስ

ቆይተው በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ በሚያጠኑበት ጊዜ የቆሎ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሜዳ ላይ ሲያድሩ ተመለከቱ። ሊሰጡአቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የተማሩት ሙያ ብቻ ነው። በዚያም ሙያ ሊረዱአቸው ቆረጡ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጀርመን አገር ሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች መርጃ አደረጉት። እንግዲህ ወደ ፒያኖው የመለሳቸው የዝና ፍላጎት ሳይሆን የተራበ ተማሪ ነው።

ድርሰቶቻቸው ስለ እናት ፍቅር፣ ስለ ቤት አልባ መንገደኛ፣ ስለ ኢየሩሳሌም ይናገራሉ። የጣቶቻቸው ሥልጠና የአውሮፓ ነው፤ የዜማው ጠባይ ግን የአገራችንን ቅኝትና የያሬድን ዜማ ያስታውሳል። ምቱ እንደ ሰልፍ ሙዚቃ የተቆጠረ አይደለም። እንደ ሰው እስትንፋስ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይፈጥናል። ሆኖም አንድ ነገር መለየት ይገባናል። የቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌት በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ይቀርባል እንጂ በፒያኖ አይደለም። የእማሆይ የፒያኖ ድርሰትም የግል ጸሎትና የምጽዋት ሥራ እንጂ የሥርዓተ አምልኮ ዜማ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኖአቸው ጋር ኖሩ። ሥራቸው በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት 21ኛው ክፍል ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖአቸው ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በዚያው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተወቀሰው አገልጋይ መክሊቱ ስላነሰ አልተወቀሰም፤ ስለ ቀበረው ነው እንጂ። መክሊት የሚቀበረው በመመንኮስ አይደለም። ለራስ ብቻ ሲውል ነው የሚቀበረው። ሒሳብ የሚያውቅ ወንድም ከሜክሲኮ እስከ ልደታ ባለው ሠፈራችን የሚያስጠናው ልጅ አያጣም። ልብስ መስፋት የምትችል እኅትም እንዲሁ። የተመኘነው የትምህርት ዕድል ቢያመልጠን እንኳ እስካሁን የተማርነው በእጃችን አለ።

ለውይይት

1. የተመኘነው በር ሲዘጋ ሐዘናችንን ወዴት እንወስደዋለን?
2. እማሆይ ፒያኖውን ትተው ሲሄዱና ተመልሰው ሲይዙት ምክንያታቸው በምን ይለያያል?
3. እያንዳንዳችን በዚህ ወር ለሌላው የምናውለው ሙያ ምንድን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።