የመጸው እንግዶችና ሁለቱ ሐይቆች

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ትፈነዳለች፤ የመስቀል ወፍም ብቅ ትላለች። እርሷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሳናስተውላቸው ወደ አገራችን የሚገቡ ሌሎች ብዙ አዕዋፍ አሉ። በዛሬው ትምህርታችን እነዚህ እንግዶች ከወዴት እንደሚመጡ፣ የት እንደሚያርፉና እንዴት እንደምንመለከታቸው እንማራለን።

ሀ. እንግዶቹ ከወዴት ይመጣሉ?

መስከረም 26 ቀን ዘመነ መጸው ሲገባ እኛ ዘንድ ምድር በአበባ ትሸፈናለች። በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ በአውሮፓና በሩስያ ግን በዚያ ወቅት ብርዱ እየበረታ፣ ቀኑም እያጠረ ይሄዳል። ረግረጉ ወደ በረዶ ይለወጣል፤ ትላትሉና ነፍሳቱ ይጠፋሉ። ስለዚህ ወፎቹ ምግብ ፍለጋ ወደ ደቡብ ይበራሉ።

ከእነርሱ አንዷ ስቲንት የምትባለው ትንሽ የውኃ ዳር ወፍ ናት። ክብደቷ 30 ግራም ያህል ብቻ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባለው ቀዝቃዛ ሜዳ ነው። ከዚያ ተነሥታ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርራ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር ታርፋለች። በጋው ሲያልቅ ደግሞ ወደመጣችበት ትመለሳለች። በከብቶች እግር ሥር ጅራቷን እየወዘወዘች የምትሯሯጠው ቢጫ ወፍም ከእንግዶቹ ወገን ናት።

ለ. ሁለቱ ሐይቆች

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን እናገኛለን። ፓርኩ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተከለለ ሲሆን ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የተከለለበት ዋና ምክንያትም የውኃ ወፎቹ ናቸው።

ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ እጅግ ጥልቅ ነው፤ ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዓሣ ግን እምብዛም የለውም። አብያታ ደግሞ ጥልቀት የለውም። የፀሐይ ብርሃን በቀላሉ ስለሚደርሰው አልጌ የሚባለው ጥቃቅን የውኃ አረንጓዴ ይበቅልበታል፤ ቀድሞ ዓሣም ሞልቶበት ነበር።

ፔሊካን የተባለው ትልቅ ነጭ ወፍ ጎጆውን የሚሠራው በሻላ ደሴቶች ላይ ነበር። ቀበሮና ጅብ ዋኝተው አይደርሱበትምና። ምግቡን ግን የሚያመጣው ከአብያታ ነበር። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለውን ከፍታ እየተሻገረ ዓሣ አጥምዶ ጫጩቶቹን ይመግብ ነበር። እንግዲህ ቤቱ በሻላ፣ ገበታው በአብያታ ነበር ማለት ነው።

ሐ. ምንቃርን ማንበብ

ልጆች፣ የወፍን ምንቃር ያየ በውኃው ውስጥ ምን እንዳለ ሊያውቅ ይችላል። ፔሊካን ከምንቃሩ ሥር እንደ ከረጢት የሚለጠጥ ቆዳ አለው፤ ዓሣ ይይዝበታል። ፍላሚንጎ ራሱን ዘቅዝቆ ውኃውን በምንቃሩ እያጠለለ አልጌ ይመገባል። ከሰሜን የሚመጣ አንድ የዳክዬ ዓይነት ምንቃሩ አካፋ ይመስላል፤ የውኃውን ፊት እየጠረገ ይበላል። ስቲንት ደግሞ በቀጭን ምንቃሯ ከጭቃው ላይ ጥቃቅን ነፍሳትን ትለቅማለች።

መ. ውኃው ሲጎድል

አብያታ መውጫ ወንዝ የለውም። ከዝዋይ በቡልቡላ፣ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ ወንዝ ውኃ ይገባለታል፤ የገባው ውኃ ወደ ሰማይ ይተናል እንጂ አይፈስም። ስለዚህ የሚገባው ሲያንስ ሐይቁ ወዲያውኑ ይጎድላል። ለመስኖ ውኃ ተጠለፈ፤ ሶዳ ለማምረትም ከሐይቁ ውኃ ተሳበ፤ ድርቅም ተጨመረ። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት የሐይቁ ስፋት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኑም ምግቡን ርቆ ለመፈለግ ተገደደ።

ፍላሚንጎ ግን በጨዋማ ውኃ የሚበቅለውን አልጌ ስለሚበላ በሐይቁ ዳር መታየቱን ቀጠለ። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶ ሮዝ መንጋውን ቢያይ «ሐይቁ ደህና ነው» ሊል ይችላል። የቀድሞውን የሚያውቅ ግን «ፔሊካኑስ የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ያለውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም ማስተዋል ያስፈልጋል።

ይህን ስንል ግን ገበሬውን መውቀሳችን አይደለም። እርሱም ውኃውን የሚፈልገው ልጆቹን ለመመገብ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ውኃ ብዙ ቤተሰብ ሲጠብቀው በመጠን መካፈል ይገባል።

ሠ. ወፎችን ስንመለከት

1. በማለዳ እንሂድ፤ ፀሐይን ከጀርባችን እናድርግ።
2. አንጩኽ፤ ድንጋይና ወንጭፍም አንያዝ። ከሩቅ አገር የመጣ ወፍ በተባረረ ቁጥር ያጠራቀመውን ኃይል በከንቱ ይጨርሳል።
3. ከታላላቆቻችን ጋር እንሁን፤ የሐይቅ ዳር ጭቃ ሊያሰምጥ ይችላልና ወደ ውኃው አንጠጋ።
4. ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የምንቃሩንና የእግሩን ቅርጽ፣ ሲሠራ ያየነውን በደብተር እንጻፍ።
5. መንጋው ብዙ ሲሆን አሥሩን ቆጥረን ያን የሚያህል ስንት እንዳለ እንገምት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የሰሜን ወፎች በመጸው ወደ እኛ የሚመጡት ስለምንድን ነው?
2. ፔሊካን በሻላ እየኖረ ከአብያታ ይመገብ የነበረው ለምንድን ነው?
3. ዓሣው ሲያልቅ ፔሊካን ሲቸገር ፍላሚንጎ ለምን አልተቸገረም?

የቤት ሥራ፦ በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ረግረግ ምረጡ። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 በየሳምንቱ አንድ ቀን ያያችሁትን ጻፉ። ደብተሩን አትጣሉት። በሚቀጥለው ዓመት ስትመለሱ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ የሚነግራችሁ እርሱ ነውና።