የማሳ ጥግና የብር ሳንቲም በመረጃ ቋት ውስጥ

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ የማሳ ጥግ በመረጃ ቋት ውስጥ ባለ 4 ባይት «ፍሎት» ሆኖ ሲቀመጥ ምን ይደርስበታል?

አዛውንት፦ ከነፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስና ወገዳ ያለው አገር በዩቲኤም የካርታ መለኪያ 37ኛ ሰሜን ቀጠና ውስጥ ነው። የማንኛውም ጥግ የሰሜን ልኬት በ1.2 እና በ1.3 ሚሊዮን ሜትር ዙሪያ ይሆናል። ፍሎት ለአሃዞች ያለው ቦታ 24 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ የቁጥር መጠን ላይ ሊይዛቸው የሚችሉት ቁጥሮች በየ12.5 ሳንቲ ሜትሩ ናቸው። በመካከል የወደቀው ወደ ቅርቡ ይጠጋል፤ ጥጉም እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከቦታው ይሸሻል። «ወሰን ገፋብኝ» ተብሎ ሽማግሌ በሚቀመጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠያቂ፦ በምን ይያዝ ታዲያ?

አዛውንት፦ ባለ 8 ባይት በሆነው በ«ደብል»። 53 ቢት አለው፤ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያንሳል።

ጠያቂ፦ እንዲያ ከሆነ ሁሉም ማሽን አንድ ውጤት ይሰጣላ?

አዛውንት፦ አቀማመጡን እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 ደረጃ ወስኖታል። ስሌቱ ግን ሊለያይ ይችላል። የቆዩት ባለ 32 ቢት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው በ80 ቢት ያሰሉና ወደ ሜሞሪ ሲመልሱ ወደ 64 ያሳጥሩ ነበር፤ አዲሶቹ ከመነሻው በ64 ያሰላሉ። የመደመር ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። የእስቴን ማሳዎች ስፋት የሚደምር ሰርቨር ሥራውን ለብዙ ፕሮሰሰር ሲያካፍል የመጨረሻው አሃዝ ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ደብሎች እኩል መሆናቸው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ልዩነታቸው ከተፈቀደው ማነሱ ነው።

ጠያቂ፦ ቁጥሩ በጽሑፍ ፋይል ወደ ሌላ ቋት ሲወሰድስ?

አዛውንት፦ ደብል ሳይጎድል ተጽፎ እንዲነበብ እስከ 17 አሃዝ ይፈልጋል። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ሥርዓት እስከ 11ኛው ዕትም ድረስ ካልታዘዘ በቀር 15 ብቻ ያወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው 12ኛው ዕትም ግን ሳይዛባ የሚመለሰውን አጭር ጽሑፍ ያወጣል። ጉድለቱ ማሳውን ባያንቀሳቅስም፣ ሁለቱ ቋቶች ሲመሳከሩ ያልተነካውን መዝገብ «ተለውጧል» ያሰኛል።

ጠያቂ፦ የቁጠባ ማኅበር ገንዘብስ በደብል ይያዝ?

አዛውንት፦ በፍጹም፣ ልጄ። መሬት ይለካል፤ ብር ይቆጠራል። ደብል ቁጥርን የሚከፍለው በግማሽ፣ በሩብ፣ በስምንተኛ እያለ ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ከተባለ 0.25 ሳይዛነፍ ይያዛል። 10 ሳንቲም፣ ማለትም 0.1 ብር፣ ግን በሁለትዮሽ ማለቂያ ስለሌለው ወደ ቅርቡ ይጠጋል። 0.1 እና 0.2 ተደምረው 0.30000000000000004 የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ለገንዘብ የተሠራው ዓይነት «ዴሲማል» ወይም «ኒውሜሪክ» ነው።

ጠያቂ፦ በየትኛውም ቋት?

አዛውንት፦ በፖስትግሬስኪውኤልና በማይኤስኪውኤል፣ አዎ። በስልክና በታብሌት የሚሠራው ኤስኪውላይት ግን ዓምዱ «ዴሲማል» ቢባልም 0.1ን የሚያስቀምጠው በደብል ነው። ከአንድ የስማዳ ቀበሌ በታብሌት ተመዝግቦ ወደ ከተማ ሰርቨር የሚላክ ሒሳብ ከሆነ፣ ብሩ ከመነሻው ወደ ሳንቲም ተመንዝሮ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ይቀመጥ፤ 45.10 ብር 4510 ተብሎ ይጻፍ። ነጥቡ የሚገባው ደረሰኙ ሲታተም ብቻ ነው።