ለጣት ድርደራ የሚስማማውን የጊታር ክር እንዴት እንምረጥ?

ከሙዚቃ ክበብ አባል ዕጩ መምህር

እንደሚታወቀው ከዚህ ወጥቶ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመደብ መምህር መዝሙር ማስተማሩ አይቀርለትም። ጊታር የሚችል ከሆነ ደግሞ የሕፃናቱን ድምፅ ሳይውጥ በጣቱ ቀስ እያለ ቢደረድር ትምህርቱ ይሠምርለታል። በመምቻ መግረፍ ለአዳራሽ ጥሩ ነው፤ ለሕፃናት ክፍል ግን ጣት ይበልጣል። ታዲያ የጣት ድርደራ ክር ይመርጣል። እኔ ይህን የተማርኩት ከጥፋቴ ስለሆነ፣ ሌላው እንዳይደግመው በማለት ይህችን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ጥፋቱ

ባለፈው መንፈቀ ዓመት የክበባችን ጊታር አንደኛ ክር ተበጠሰ። ክበቡ ያለው ጊታር ያው አንድ ነው። የማስተማር ልምምድ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው «ግድ የላችሁም፣ ለእኔ ተዉት» ብዬ በመዋጮው ገንዘብ ከገበያ ሙሉ የብረት ክር ገዛሁ። ጊታሩ የናይለን ክር ጊታር መሆኑን ማን ልብ አለ! ስወጥረው ድምፁ ከወትሮው ጎላ፤ ጓደኞቼም አጨበጨቡልኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ክፍሉን ስንከፍት ግን ብሪጁ፣ በክራርና በበገና አነጋገር በርኩማው፣ ከፊት ጣውላው ተገንጥሎ ከነክሩ ተንጠልጥሎ አገኘነው። የልምምዱን ጊዜ በጭብጨባ ብቻ አስተማርን። ጊታሩ እስካሁን አናጺ ዘንድ ነው፤ ሒሳቡንም ከኪስ ገንዘቤ በየወሩ እየከፈልኩ ነው።

ምክንያቱ

ፈረንሳዊው ማሪን ሜርሴን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው መጽሐፍ የክርን ሕግ አስቀምጧል። ባጭሩ ሦስት ነገር ነው፦ ክር ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲከር ይቀጥናል፤ ሲከብድ ይወፍራል። የአንድን ክር ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት።

የጊታር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። ወፍራሙ ሚ በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ሲርገበገብ ቀጭኑ ሚ 330 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ርዝመታቸው ግን እኩል፣ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከክብደት ነው። ወፍራሞቹ ክሮች በቀጭን ሽቦ የተጠመጠሙትም ሳይገትሩ እንዲከብዱ ነው።

ብረት ከናይለን ሰባት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ የብረቱ ክር ቀጭን ቢሆንም ያንኑ ድምፅ ለማግኘት በኃይል መወጠር አለበት። ስድስት የናይለን ክሮች በአንድነት ጣውላውን የሚስቡት በ40 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ መካከለኛ የብረት ክሮች ግን ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። እንግዲህ ለ40 ኪሎ በተሠራ ስስ ጣውላ ላይ የኩንታል ሦስት አራተኛ ሊሞላ የቀረበ ጭነት ጫንኩበት ማለት ነው። እንዴት ይቻለው?

ጊታሩን መለየት

ክር ከመግዛት በፊት ጊታሩን ማየት ይገባል። ክሩ በብሪጁ ላይ ተቋጥሮ የሚታሰር፣ የአንገቱ ስፋት ከጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ መቃኛው ላይ ክሩ የሚጠመጠምበት ዘንግ ወፍራምና ነጭ ፕላስቲክ የሆነ እንደሆነ የናይለን ነው። ክሩ ጫፉ ላይ እንክብል ኖሮት ብሪጁ ውስጥ በስድስት ትናንሽ ችካሎች የሚያዝ፣ አንገቱም ጠበብ ያለ ከሆነ የብረት ነው። ናይለን በብረቱ ጊታር ላይ ቢገባ ድምፁ ይሞታል እንጂ ጊታሩን አይሰብርም። ብረት በናይለኑ ላይ ግን በፍጹም!

የክር ዓይነቶች

ናይለን፦ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የክላሲክ ጊታር ቀጫጭን ክር ልክ እንደ በገናችን ከእንስሳ አንጀት ይሠራ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አንጀቱ ለቀዶ ሕክምና መስፊያ ስለተፈለገ ክር ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አልበርት አውጉስቲን ኒውዮርክ ውስጥ ከናይለን ሠራ፤ ስፔናዊው አንድሬስ ሴጎቪያም ተጫወተበት። ለጣት ለስላሳ ነው፣ ጥፍርም አይጎዳም።

የነሐስ ጥምጥም፦ ለብረት ጊታር የሚሆን ነው። 80/20 የሚባለው ከ80 እጅ መዳብና ከ20 እጅ ዚንክ የተሠራ፣ ድምፁ የሚያበራ ነው፤ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ዳዳሪዮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው ፎስፈር ብሮንዝ መዳብ፣ ቆርቆሮና ጥቂት ፎስፈር ያለበት ሆኖ ድምፁ ሞቅ ይላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። በጣት ለሚደረድር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ይኸኛው ነው።

ሐርና ብረት፦ በብረቱና በጥምጥሙ መካከል የሐር ክር አለበት። ውጥረቱ ለስላሳ፣ ድምፁም ቀስ ያለ ነው። ላረጀ የብረት ጊታርና በሥጋ ጣት ለሚጫወት ይስማማል። ለመግረፍ ግን አይሆንም።

ውፍረቱ

በፓኮው ላይ 10፣ 11 ወይም 12 የሚል ቁጥር አለ። የቀጭኑ ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ነው፤ 12 ማለት 0.30 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። 10 ለጀማሪ ጣት ይቀላል፤ ግን ሳብ ሲያደርጉት ይንጫጫል፣ ድምፁም ይሳሳል። 12 ዜማውን አጥርቶ ያወጣል፤ ግራ እጅን ግን ያደክማል። እኔ የምመክረው ከ11 ጀምሮ ጣት ሲጠና ወደ 12 ማለፍን ነው።

አያያዙ

ክርን የሚገድለው ላብ ነው። እጅ ታጥቦ መጫወት፣ ከጨረሱም በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜውን ያራዝማል። ሲቀየር ስድስቱን ባንዴ ከመፍታት አንድ በአንድ መቀየር ይሻላል። አዲስ ናይለን ለጥቂት ቀናት እየለጠጠ ስለሚላላ ደጋግሞ መቃኘት ነው እንጂ መበሳጨት አያሻም።

ራስን ለመፈተን

1. በእኩል ርዝመትና ውጥረት ላይ የክሩ ክብደት ቢጨምር ድምፁ ምን ይሆናል?
2. ብሪጁ ላይ ችካል የሌለው፣ ክሩ የሚቋጠርበት ጊታር ቢሰጣችሁ የትኛውን ክር ትገዛላችሁ?
3. ገንዘብ ይዞ ገበያ ከመሄድ በፊት መጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው?

ሦስተኛውን እኔ ቀድሜ ብመልሰው ኖሮ የክበባችን ጊታር ዛሬ ከእኛ ጋር ነበር። ሲመለስ የናይለን ክር ይጠብቀዋል፤ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።