ስለ ግቢ ሥራ ባለሙያ አመራረጥ

የተከበሩ ገበሬ ሆይ፤ ከሽንኩርቱ ወይም ከሩዙ ሽያጭ ጥቂት ገንዘብ ተርፎዎት፣ በሐሙሲት ያለውን ግቢዎን ለማሳመር፣ ፍራፍሬ ለመትከልና የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር አስበው ይሆናል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ቆጥረው ከመስጠትዎ በፊት የሚቀጥሩት ሰው የትኛውን ሥራ በእርግጥ እንደሚያውቅ መመርመር ይገባዎታል። ጉድጓድ ቆፋሪ ስለ ችግኝ ላያውቅ፣ ችግኝ ሻጭም የጎርፍ መውረጃ መቀየስ ላይችል ይችላል። «ሁሉንም እኔው እሠራዋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ቀድሞ የሠራበትን ግቢ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት፤ ሄደውም የቤቱን ባለቤት ያነጋግሩ።

አስቀድሞ ምክር የሚጠየቀው የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው። ለምክሩ ገንዘብ አይከፈልም፤ የአገሩንም አፈር ያውቃል። እርሱ ያላወቀውን ወደ ደራ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይመራዎታል። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዘንዘልማ ላይም የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ ይገኛል።

የግቢ ሥራ መጀመሪያው ውኃ ነው። በጣና ዙሪያ በዓመት ወደ 1400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ ባለሙያውን «በሐምሌ ጎርፉ በየት ይወጣል?» ብለው ይጠይቁት። ጥሩው ባለሙያ ግቢውን ዞሮ ያያል፣ አፈሩን ቆፍሮ ይመለከታል፣ ከፍታውንም በውኃ ልክ ወይም ውኃ በተሞላ የላስቲክ ቱቦ ይለካል። በዐይኑ ብቻ ገምቶ ካስማ የሚተክለውን ያሰናብቱት። አፈርዎ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ያልጠለቀ የድንጋይ አጥርም አብሮ ይሰነጠቃል። ውኃውን ወደ ጎረቤት ማሳ የሚለቅ ሰው ደግሞ ጠብ ሠርቶልዎ ይሄዳል።

የውኃ ጉድጓድ የሚቆፈረው የከርሰ ምድር ውኃ ዝቅ በሚልበት በሚያዝያና በግንቦት ነው። በጥቅምት ተቆፍሮ ውኃ አገኘሁ የሚባለው ጉድጓድ በጋ ሲገፋ ሊደርቅ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ቆፋሪ ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከፍ ባለው ወገን ቦታ ይመርጣል። ጥልቅ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊትም አየሩን ይፈትናል፤ የነዳጅ ፓምፕ ወደ ውስጥ አውርዶ አያስነሣም፣ ጭሱ ሰው ይገድላልና። ስለ አፉ ክዳን ሳይጠየቅ የሚያነሣ ቆፋሪ ለልጆችዎ ያሰበ ነው።

ችግኝን በሚመለከት ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ተታልሏል። ግንዱ በላስቲክ የተጠቀለለ ማንጎ «የተዳቀለ ነው» ተብሎ ገዛ፤ ላስቲኩ ሲፈታ ጠባሳ እንኳ አልነበረውም። የተዳቀለ ማንጎ በ3 ወይም በ4 ዓመት ማፍራት ይጀምራል፤ ከፍሬው የበቀለው ግን ብዙ ጊዜ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፣ ፍሬውም እንደ እናቱ ላይሆን ይችላል። እንግዲህ ስሕተቱ የሚታወቀው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ላስቲኩን አስፈትተው ሁለቱ የተጣበቁበትን ጠባሳ በዐይንዎ ይዩ። ቅጠሉንም ገልብጠው ይመልከቱ። ነጫጭ ነጠብጣብ ካለበት የማንጎ ነጭ ስኬል የተባለው ተባይ ሊሆን ስለሚችል ወደ ግቢዎ አያስገቡት፤ ተባዩ በአገራችን በመጀመሪያ የታየው በፈረንጆች 2010 በወለጋ ነበር። በማንጎና በማንጎ መካከል 8 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ እንዲተው ያድርጉ፤ ችግኝ ለመሸጥ የቸኮለ ሰው አጠጋግቶ ይተክላልና።

ለኩሬ ጌጥ ብሎ ሐምራዊ አበባ ያለው የውኃ ተክል ከሐይቁ ዳር የሚያመጣልዎትንም አይቀበሉ። እምቦጭ ነው።

ውሉ በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር ፊት ይሁን፤ የሥራው ልክ በሜትር፣ የችግኙም ብዛትና ዐይነት ይጻፍበት። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይስጡ። ከፊሉን ሥራው ሲጀመር፣ ከፊሉን ሲያልቅ ይክፈሉ፤ የቀረውን ሩብ ግን ችግኙ አዲስ ቅጠል አውጥቶ፣ መውረጃውም በሐምሌ ዝናብ ተፈትኖ ካዩ በኋላ እንደሚከፍሉ አስቀድመው ይንገሩት። በዚህ የሚስማማ ሰው ካገኙ ቀጥሩት፤ ካልተስማማ ሌላ ይፈልጉ።