ቀብድ ሰጠሁ ማለት ዋጋው ታሰረ ማለት ነው?

ከዛሬው ዋጋ በፊት ስለ ቀብድ ትንሽ ላውራችሁ፣ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ በዝታችኋል።

ባለፈው የበቆሎ ወቅት አንድ የነቀምቴ ነጋዴና ቢሾፍቱ ያለ መኖ አቀነባባሪ አገናኘሁ። 200 ኩንታል፣ ኩንታሉ በ4,200 ብር። ዋናው ውል ሰኞ ሊፈረም፣ እስከዚያ ገዢው 40,000 ብር ላከ። እኔም "ቀብድ ተቀብያለሁ" የምትል ወረቀት አስፈረምኩና አለቀ ብዬ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ኩንታሉ ላይ 500 ብር ተጨመረ። ሻጩ ደወለ፦ "ወንድሜ፣ እጥፉን ልመልስና ተወኝ።"

ገዢው መኪና ተከራይቶ ነበር፣ ተናደደ። ግን ሻጩ ሕግ አልጣሰም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል። ቁጥር 1885 ደግሞ በሌላ ካልተስማማችሁ በስተቀር መውጫውን ይከፍታል፦ ሰጪው ቀብዱን ትቶ፣ ተቀባዩ እጥፉን መልሶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። አሁን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ሻጩ 80,000 መለሰ፣ ከኪሱ የወጣው ግን 40,000 ብቻ ነው። በአዲሱ ዋጋ ሲሸጥ 100,000 ተጨማሪ አገኘ። 60,000 አተረፈ። የኔ ኮሚሽንማ አይነሳ።

ዋጋ ቢወርድ ኖሮ ገዢው 40,000ውን ትቶ ይሄድ ነበር፣ ያው ነው። ቡና ላይ ይብሳል፤ ኒውዮርክ ሲገለባበጥ አድሮ ጠዋት ስልክ የማያነሳ ሰው አይጠፋም።

ታዲያ አሁን ምን አደርጋለሁ? ቀብዱን "እንደ ልማዱ" አልቆርጥም። እስከ ርክክብ ድረስ ዋጋው ስንት ሊንቀሳቀስ ይችላል ብዬ ከዚያ እነሳለሁ። ጭነቱ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ "ይህ ቀብድ ከውሉ ለመውጣት መብት አይሰጥም" ብዬ አስጽፋለሁ፣ ያላስረከበ የሚከፍለውን መቀጫም በብር አስቀምጣለሁ። ይሄን ሲሰማ ፊቱ የሚቀያየር ሻጭ አለ። ይቀያየር፤ ሰኞ ከማወቅ ዛሬ ማወቅ ይሻላል።

አንዳንዶች "ዋናው ውል ላይ እናየዋለን" ብለው እርጥበቱን፣ ሚዛኑ የማን እንደሆነና የጫኝ አውራጅን ሂሳብ ይዘሉታል። የኔ ጠብ ግማሹ ከዚያ ነው የሚነሳው። በመጀመሪያዋ ወረቀት ላይ ይግባ።

የነቀምቴና የባኮ በቆሎ ዋጋ ከምሳ በኋላ እለቃለሁ።