ምዕራፍ 7፦ የኪስ ካሜራ በጉባ ፀሐይ

ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ለማየት ጉባ የወረደ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ፎቶ ይዞ ይመለሳል። ከኋላ የነጣ ግድብና የነጣ ሰማይ፣ ከፊት ባርኔጣ ያደረጉ፣ መልካቸው የማይለይ ጥቁር ሰዎች። ፎቶውን ያየ ዘመድ “አንተ የትኛው ነህ?” ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በካሜራው ርካሽነት ይሳበባል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትንሿ የኪስ ዲጂታል ካሜራ እንደ ጉባ ላለ ብርሃን ትልቁ ካሜራ እንኳ የሌለው ብልሃት አላት። ችግሩ ገዢው በማትችለው ነገር ተማርኮ ገዝቷት፣ የምትችለውን ሳይነካው መቅረቱ ነው።

ብርሃንን ወደ ምስል የሚለውጠው የካሜራ ክፍል ሴንሰር ይባላል። በአብዛኞቹ የካኖን ፓወርሾት፣ የኒኮን ኩልፒክስና የሶኒ ሳይበርሾት የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህላል። የባለሙያዎቹ ትልቅ ካሜራ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ስፋታቸው ሲሰላ ልዩነቱ 30 እጥፍ ይሆናል። ትንሹ ሴንሰር የሚሰበስበው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ፣ ኃይለኛ ብርሃንና ጥላ አንድ ላይ ሲመጡበት ሁለቱንም መያዝ ያቅተዋል። ወይ ሰማዩ ይነጣል፣ ወይ ፊት ይጨልማል።

የቱ እንደሚሆን የሚወስነው የካሜራዋ የብርሃን መለኪያ ነው። መለኪያው የሚሰራው ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ቢደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይወጣዋል በሚል ስሌት ነው። የፎቶውን ሦስት አራተኛ ሰማይና ኮንክሪት ከያዘው “ብርሃኑ በዛ” ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ ከግራጫው በታች ስለሆነ ጭራሽ ይጠፋል። ይህ ለኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያከፋፍለው በነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ጥቁር ፊት በፎቶ ላይ እንዴት መታየት እንዳለበት ሳይታሰብበት ብዙ ዘመን አልፏል። ስለዚህ ጉሙዝም ይሁን በርታ፣ አማራም ይሁን ሺናሻ፣ የምናነሳው ሰው መልክ በትክክል እንዲወጣ ማድረግ የኛ ሥራ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው የፕላስና የማይነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ከጀርባ ብርሃን ሲኖር ወደ +1 ከፍ ያድርጉት፤ ሰማዩ ይነጣል፣ ፊቱ ግን ይመጣል። ፊት ብቻውን ፎቶውን ሞልቶት ከጀርባው ጥላ ወይም ጨለማ ቤት ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራዋ ከልክ በላይ ታፈካዋለች፣ ስለዚህ ወደ ማይነስ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛውና እኔ የምወደው ፍላሹ ነው። አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ! አብዛኛው ሰው ፍላሽ የሚያስበው ለሌሊት ነው። እውነቱን ለመናገር የኪስ ካሜራ ፍላሽ ለሌሊት ደካማ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሜትር ከሄደ በኋላ ጉልበቱ ያልቃል። ቀን ላይ ግን ከሁለት ሜትር ባልራቀ ሰው ፊት ላይ ሲያርፍ በባርኔጣው ሥር ያለውን ጥላ ይገፈዋል፤ ዓይን ይታያል፣ ጥርስ ይታያል፣ ከኋላም ግድቡ በራሱ ብርሃን ይቀራል። ካሜራዋን በአውቶ ከተዋት በቀን ፍላሿን አትተኩስም፤ የመብረቅ ምልክቱን ተጭኖ ሁልጊዜ እንዲበራ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ካሜራ ለዚህ ዓላማ የተሰራ ተጨማሪ ፍላሽ ካልተገጠመለት በስተቀር ከሰከንድ 1/200ኛ ወይም 1/250ኛ በፈጠነ ፍጥነት ከፍላሽ ጋር አብሮ አይሰራም፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ የፈጠነ ይጠይቃል። የብዙዎቹ የኪስ ካሜራዎች መዝጊያ ግን ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ በጣም ፈጥኖም ከፍላሹ ጋር ይገጥማል። የስልክ ፍላሽም እዚህ አይወዳደርም፤ እሱ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል ነው፣ ከፀሐይ ጋር ሲተያይ አለ አይባልም።

የትንሹ ሴንሰር ሌላ በረከት ጥራት በጥልቀት መስጠቱ ነው። ሌንሷ ሰፊ ሆኖ ሲከፈት እውነተኛ የትኩረት ርዝመቷ 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ሜትር ላይ የቆመ ሰው ላይ ሲያነጣጥሩ ከኋላ ያለው ግድብም ጥርት ብሎ ይወጣል። የሠርግ ፎቶ አንሺ ጀርባው እንዲደበዝዝለት ይፈልጋል፤ ግድቡ ድረስ የሄደ ሰው ግን ግድቡን አደብዝዞ ምን ይጠቀማል? ግድቡን ከዳር እስከ ዳር ማስገባት ለሚፈልግ ስሌቱ እነሆ፦ ዋናው ግድብ 1,780 ሜትር ይረዝማል፣ 145 ሜትር ይቆማል። በትልቁ ካሜራ ልክ ሲቆጠር በተለመደው የ28 ሚሊሜትር ዕይታ ሁሉንም ለመያዝ ፊት ለፊት ወደ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ መራቅ ግድ ነው። ስለዚህ ሰውዬውን “ወደ ግድቡ ጠጋ በል” ከማለት ይልቅ ወደ ካሜራዋ ጠርቶ ግድቡን ሩቅ መተው ይሻላል። መቼም ግድቡ ጥብቅ ጥበቃ ያለበት ቦታ ስለሆነ የት ቆሞ ማንሳት እንደሚቻል አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የአካባቢውን ሰው ለማንሳትም እንደዚሁ።

አሁን ሻጩ ወደሚያሞግሳቸው ሁለት ነገሮች እንምጣ። አንዱ ሜጋፒክስል ነው። 20 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ትልቅ ፎቶ በጥራት ለማሳተም 8.4 ሜጋፒክስል ይበቃል፤ ለአልበም ፎቶ ከዚያ እጅግ ያነሰ። 12 ያላት አሮጌ ካሜራ 20 ካላት የምታንስበት ምክንያት የለም። ሌላው ዙም ነው። በሌንስ የሚሰራው ዙም እውነተኛ ነው፤ ከርካሽ ስልክም ያስበልጣታል። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ዲጂታል ዙም ግን ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ብቻ ነው፣ ከሜኑ ውስጥ ያጥፉት። እውነተኛውም ቢሆን በቆላ ወሰን አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የጉባ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከድንጋዩና ከኮንክሪቱ የሚነሳው ትኩስ አየር ይርገበገባል፤ በዙም የተሳበ ፎቶ ውስጥ ቀጥ ያለው ግድብ የተወላገደ ይመስላል። የሣር ቃጠሎ ጭስ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ። ሩቅ የሚነሳ ነገር ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይነሳ።

ድክመቷን መደበቅ አልፈልግም። ብዙዎቹ በዓይን የሚያዩበት ቀዳዳ ስለሌላቸው በፀሐይ ስክሪኑ አይታይም፤ በባርኔጣ ማጥላት ነው። የአምራቾች መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ አትጠቀሙ ይላል፣ ስለዚህ የቆመ መኪና ውስጥ አይተዋት። ከሁሉም የከፋው አቧራ ነው። ሲበራ የሚወጣው፣ ሲጠፋ የሚገባው ሌንስ በቀለበቶቹ መካከል አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባችበት ሞተሩ ጥርስ እንደ ማፋጨት ያለ ድምፅ አሰምቶ መሃል ላይ ይቆማል፤ ስክሪኑም ላይ የሌንስ ስህተት የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የጥገናው ክፍያ ከካሜራዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከጉባ ወረዳ ከተማ ከመንኩሽ ወደ ግድቡ በሚሄደው አቧራማ መንገድ ላይ በመኪና መስኮት አያብሯት።

በጎርጎርዮሳውያኑ 2010 በዓለም ከ100 ሚሊዮን በላይ የኪስ ካሜራ ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ በ2023 ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ስልክ ገበያውን ወሰደው። ጥሩ ስልክ በተከታታይ የተነሱ ፎቶዎችን አዋህዶ ሰማዩንም ፊቱንም ማትረፍ ስለሚችል በዚህ በኩል ይበልጣታል። ስለዚህ ጥሩ ስልክ ላለው አዲስ የኪስ ካሜራ ግዛ አልለውም። ከዘመድ የተላከች፣ መሳቢያ ውስጥ የተኛች ካለችው ግን ቻርጅ አድርጎ ይዟት ይሂድ።

ከመሄዱ በፊት ቀኗን ያስተካክል። ባትሪዋ ለረጅም ጊዜ ወጥቶ የቆየ ካሜራ ቀኗን ትረሳለች፤ ከዚያ በኋላ የምታነሳው ሁሉ ፋይሉ ላይ የተሳሳተ ዓመት ይይዛል። የምትቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጳጉሜን የሚባል ወር አታውቅም። ግድቡ የተመረቀበት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለእሷ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ነው፣ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለበት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ ኤፕሪል 2 ቀን 2011። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ለእሷ 7፡00 ነው። ይህን አስተካክሎ የሞላ ሰው ከዓመታት በኋላ ሜሞሪውን ኮምፒዩተር ላይ ሲከፍት ግድቡ የፈጠረው የንጋት ሐይቅ ውኃ በየትኛው ወር የት ደርሶ እንደነበር ከፎቶዎቹ ቀን ብቻ መከታተል ይችላል።