ስለ ተልባና ስለ ጸዋሚ ማዕድ

ጠያቂ፦ እማሆይ፣ ከጥሉላት መከልከልን ለአጽዋማት ብቻ ሳይሆን ለዓመቱ ሁሉ ሥርዓት ላደርገው ቆርጫለሁ። ጠዋት ጠዋትም በዳቦዬ ላይ ተልባ እየነሰነስሁ እበላለሁ። መልካም አድርጌያለሁን?

እማሆይ፦ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትተው ዐሥር ቀን ጥራጥሬ እየበሉ በተፈተኑ ጊዜ፣ መልካቸው ከሌሎቹ ብላቴኖች ይልቅ አምሮ እንደ ተገኘ መጽሐፍ ይነግረናልና፣ ከአዝርዕትና ከአትክልት ብቻ የሚመገብ ሰው በጤና ሊኖር መቻሉን አልጠራጠርም። ነገር ግን ልጄ፣ ተልባውን የምትነሰንሰው ፈጭተህ ነው ወይስ እንዳለ?

ጠያቂ፦ እንዳለ ነው፤ አልፈጨሁትም።

እማሆይ፦ እንግዲያውስ ጥቅሙ አልፎህ እየሄደ ነው። የተልባ ፍሬ ልባሱ ጠንካራ፣ ገላውም አንሸራታች በመሆኑ፣ ጥርስ ያላደቀቀው ሁሉ ሆድ ሳይፈጨው እንደ ገባ ይወጣል። እናቶቻችን ተልባን ሳያምሱና ሳይወቅጡ ለማዕድ የማያቀርቡት ስለዚህ ነው።

ጠያቂ፦ አስተማመሱን ያስረዱኝ።

እማሆይ፦ ተልባው ተበጥሮ አፈሩና ገለባው ከተለየ በኋላ፣ ለዘብ ባለ እሳት ላይ በተጣደ ምጣድ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ እጅም ሳያርፍ ይታመሳል። መንጣጣት ጀምሮ መዓዛው ቤቱን ሲያውደው ወዲያው ማውጣት ያስፈልጋል፤ ያረረ ተልባ ይመራልና። ጥሬው ፍሬ በጥቂቱ መርዝ የሚወልድ ነገር ስላለበት፣ እሳቱ ይህንንም ይቀንስለታል። ከዚያም ሲበርድ ይወቀጣል፣ ይነፋል። የአንድ ሳምንቱን ብቻ ወቅጠህ በተከደነ ዕቃ፣ ከብርሃንና ከሙቀት አርቀህ አኑረው፤ ዘይቱ ነፋስ ሲያገኘው ፈጥኖ ይበላሻልና፣ ጣዕሙም ሽታውም ይለወጣል።

ጠያቂ፦ ከዚያስ በኋላ በምን ልብላው?

እማሆይ፦ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ጨምረህ፣ እንጀራ ብትፈተፍትበት ተልባ ፍትፍት ይሆንልሃል፤ በሁዳዴ የዛለን ሰውነት እንዲህ የሚያቀና ምግብ አላውቅም። አንዳንዶች ውሃውን አጥልለው ዝቃጩን ይደፉታል፤ እኔ ይህን አልወደውም፤ ሆድን የሚያለሰልሰው አሰር የሚበዛው በዝቃጩ ውስጥ ነውና። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ይኸውም 7 ግራም ያህል፣ ለመጀመሪያ ይበቃሃል፤ ከዚህም ውስጥ 1.6 ግራም ያህሉ ሐኪሞች ኦሜጋ 3 የሚሉት ቅባት፣ 2 ግራም ያህሉም አሰር ነው። ውሃ ግን አብዝተህ ጠጣበት፤ ተልባ ውሃ ይመጥጣልና፣ ያለ ውሃ የበላው ሰው ሊፈታው የፈለገውን ሆድ ይበልጥ ያደርቀዋል።

ጠያቂ፦ እንዲህ ከሆነ የዓሣንና የሥጋን ቦታ ይተካልኛል ማለት ነው?

እማሆይ፦ እዚህ ላይ በጥንቃቄ አድምጠኝ። የተልባው ኦሜጋ 3 በዓሣ የሚገኘው ዓይነት አይደለም፤ ሰውነትም ወደዚያ የሚለውጠው ከጥቂቱ በቀር አይደለም። ከዚህም የሚከፋው ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ 12 በተልባም፣ በምስርም፣ በጎመንም አለመኖሩ ነው። አባቶቻችን የሠሩት ሥርዓት ጾምና ፍስክ የሚፈራረቁበት ነው፤ ምእመኑ ከሁዳዴ ወጥቶ በትንሣኤ ወተትና እንቁላል ሲቀምስ፣ በጾሙ ወራት የጎደለው ይሞላለታል። አንተ ግን ፍስክ የሌለበትን ዓመት መርጠሃልና፣ ይህን ቫይታሚን ከመድኃኒት ቤት በክኒን ሳታገኝ አንድ ዓመት እንኳ እንድታሳልፍ አልመክርህም። ጉድለቱ ቶሎ አይታይም፤ እግር ሲደነዝዝና ጉልበት ሲከዳ ነው የሚታወቀው።

ጠያቂ፦ በዚህ በኩል ያሰብሁት አልነበረም። የቀረውን ማዕዴንስ እንዴት ላሰናዳ?

እማሆይ፦ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ይኑር፤ ጎመኑም አይጉደል፤ ተልባው በእነዚህ ላይ የሚጨመር እንጂ ብቻውን ማዕድ አይደለም።

ጠያቂ፦ እናቴም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ተልባ ልጀምር ብለውኛል።

እማሆይ፦ አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ሐኪሙ ቢፈቅድላቸውም መድኃኒቱንና ተልባውን በአንድ ሰዓት አይውሰዱ፤ የተልባው ዝልግልግ ውሃ መድኃኒቱን በሆድ ውስጥ ሊያዘገየው ይችላልና፣ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ይተዉ።